ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ጨፌው ይደርቃል

ጀማው፣ ዛሬ ሳላለሳልስ ልናገር ነው።

ለበዓል ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ እጣን አጭሶ አቦሉን የማይጠጣ የወሎ ሰው አላውቅም። ግን ቄጤማው ከየት እንደሚታጨድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? «ረግረግ ነው፣ ምን ይሠራል» እያላችሁ ቦይ ቀዳችሁ ከምታደርቁት፣ ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ ከምትተክሉበት፣ የተረፈውን ደግሞ የግንባታ አፈር ከምትደፉበት ጨፌ ነው እኮ!

«ሐይቅ» የሚባለውን የወሏችንን ሐይቅ እንይ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሑድ እሑድ እንጎርፍበታለን። ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰን እንበላለን፣ ጀልባ እንሳፈራለን፣ ከዚያ ፌስታሉን፣ የውሃ ላስቲኩን፣ የጫት ገረባውን እዚያው ጥለን እብስ። ባለፈው አንዱን «ወንድሜ፣ አንሳው እንጂ» ብለው «ውሃው ይወስደዋል» አለኝ። ወዴት ነው የሚወስደው? ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንኳርካ ወንዝ ውሃ ወደ ሐይቅ ይገባል፣ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣልከው ሁሉ እዚያው ቁጭ ነው። ውሃው ራሱ ሸሽቶናል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይገባል (ለወንዶች ማለቴ ነው)።

የቦርከና ወንዝማ አይወራ። ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የከተማውን እጣቢና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል። ስለ ፋብሪካ ሲወራ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን፤ በሌሊት የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ቦዩ የምንለቀውስ ማን ነን? ጨፋ እኮ በበጋ ሣር ሲጠፋ ከአፋር ድረስ ከብት የሚነዳበት ሜዳ ነው። ያንን ውሃ ከብቱ ይጠጣዋል፣ ይብራውና ዳክዬው ይዋኝበታል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ያርፉበታል። ረግረጉ የክረምቱን ጎርፍ ውጦ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። አድርቃችሁት ስታበቁ ጎርፉ ሳሎናችሁ ሲገባ «ዘንድሮ ምን መጣብን» ትላላችሁ። ምንም አልመጣም፣ የሚይዘው ጠፋ እንጂ።

እና የፊታችን እሑድ ሐይቅ የምትወርዱ፣ አንድ ባዶ ማዳበሪያ መኪናችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ከጎናችሁ ያለው የረሳውንም ጨምሩበት። ጎረቤታችሁ ጨፌ ላይ ቦይ ሲቀድ ስታዩም «ምን አገባኝ» ብላችሁ አትለፉ፤ ቡና ጠርታችሁ ንገሩት። ማዳበሪያ ያጣ ካለ እኔ ጋ ሞልቷል።