እርማት፦ ፎር ዊል አልወጣ ማለቱ ካምቢዮው ለመበላቱ ማስረጃ አይደለም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፎር ዊል (ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርበትን ማርሽ) አስገብተው መሪው ለከበደባቸውና ማርሹ አልወጣ ላላቸው ወንድማችን «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል፣ ይፈታ» የሚል ምክር ተሰጥቷቸዋል። ይህ በሰፊው የሚነገር ስሕተት ነው፤ ሰውንም ላላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

እንደ ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ባሉ ቆየት ያሉ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይቆለፋሉ፤ በኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚጓዙ፣ ደረቅ አስፋልትም ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን እንዲያካክስ ስለማይፈቅድ፣ ጫናው በማርሾቹ ጥርሶችና በዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪውን የሚያከብደውና ማርሹን ነክሶ የሚይዘው ይህ ጫና ነው፤ ያ ቁልቁለት ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው።

መንገዱ ነጻ ሲሆን መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱና ማርሹን በዝግታ ያውጡት፤ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። በኃይል አይጎትቱት። ከዚያም የአራቱን ጎማዎች የመጠን ቁጥርና ንፋስ ያመሳክሩ፤ ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ከተገጠመ ቀጥ ባለ መንገድም ያው ጫና ይፈጠራል። ወደ ጋራዥ መሄድ የሚያስፈልገው ጎማው ሊንሸራተት በሚችልበት በጠጠር መንገድ ላይም አልወጣ ካለ ነው።