ወደ ኢስታንቡል የተላኩ ሽማግሌዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚሞት ሰው ቢኖር ምክሬ አንድ ነው፤ ትንሽ ይታገስ። የቱርኩ ድራማ ሳያልቅ ለቅሶ የሚደርስለት ጎረቤት አያገኝም።

እኔ የምከራይበት ግቢ ውስጥ ችሎት የሚሰየመው በዚህ ሰዓት ነው። ሰብሳቢዋ አከራዬ ናቸው። ጉዳዩ ደግሞ የአንድ የኢስታንቡል ሀብታም ቤተሰብ። አባትየው ሆልዲንግ አለው። ሆልዲንግ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አንዳችንም አልገባንም። ወረቀት ይፈረምበታል፣ በር በኃይል ይዘጋበታል፣ ጸሐፊዋ መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስበታለች። ሦስቱ ልጆች እርስ በርስ አይተማመኑም። እናትየው ማንንም አታምንም። አባትየው ሊሞት ነው ከተባለ አራት ወሩ ነው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ፣ የአገራችን የፊልም ሰዎች ባህላችን ሊበረዝ ነው ብለው ጮኸው ነበር። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን የባሕር ዳርን ሰው ንቀውታል። ቱርክ እኛ ቤት መቼ ገባች? እኛ ነን እንጂ እሷ ቤት የገባነው! ከነነጠላችን፣ ከነሽምግልናችን፣ ከነፍትሐ ብሔር ሕጋችን።

የቁርሱን ነገር ተመልከቱ። ጠረጴዛው ከእኛ ሳሎን ይሰፋል። የወይራ ፍሬ፣ ሦስት ዓይነት አይብ፣ ማር፣ ቲማቲም፣ በትንንሽ ብርጭቆ ሻይ። ቤተሰቡ ይቀመጣል። አንዱ አንዲት ቃል ይናገራል። ሌላው ሶፍቱን ይወረውራል። ሁሉም ይነሳል። አንዲት ጉርሻ አልተበላችም! አባትየው ታናሹን ልጅ በጥፊ ሲያጮለው ቡናቸውን ፉት ያሉት አከራዬ፣ እዚህ ላይ ደረታቸውን ይይዛሉ። «እህል ላይ ይኮረፋል? ምነው ልጄ፣ እህል ምን አደረገህ?» አንድ ቀን የቤት ሠራተኛዋ ሳህኖቹን ስታነሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው፣ «ለልጆችሽ ያዥላቸው፣ ማንም አያይሽም» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከባሕር ዳር ኢስታንቡል ድረስ የሚዘረጋ ደግነት ማለት ይህ ነው።

ቀኝ ዳኛው ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ራፖር ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ባለፈው ማክሰኞ አባትየው ሆስፒታል ተኝቶ ኑዛዜ አስጻፈ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጠበቃውና ትልቁ ልጅ ብቻ ናቸው። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አራቱ ምስክሮች የታሉ? አንቀጽ 881! ፈራሽ ነው!»

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ኢስታንቡል ላይ ተፈጻሚ አድርገው ቁጭ አሉ። ባጃጅ የሚነዳው ተከራይ «ጋሼ፣ እኮ ቱርክ ነው» ቢላቸው፣ «ምስክር የትም ምስክር ነው» ብለው ዘጉት። ቀጠሉናም፣ በሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ትልቅ ትንሽ፣ ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም ብለው ማብራራት ጀመሩ። እዚህ ላይ አከራዬ ድንገት ቶናው ቀዘቀዘ አሉ።

ትዕግሥታችንም ሊመሰገን ይገባል። እዚያው አገሩ ላይ አንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይታያል። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጥና ለእኛ በየቀኑ በየቁራጩ ይደርሰናል። ስለዚህ ሰኞ የተነሣ ጥፊ ማክሰኞ ጉንጭ ላይ ያርፋል። ቀበሌ ጉዳይ ይዞ ሄዶ ሃያ ደቂቃ ቁም ሲባል ደሙ የሚፈላው ባለ ባጃጅ፣ አንድ ሰው በር ከፍቶ ማን እንደቆመ እስኪያይ ዓርብን ይዞ እስከ ሰኞ ይጠብቃል።

ማስታወሳችንስ! ድምፅ የሚያውሱት ተዋንያን የእኛው ልጆች ናቸው፤ አንዷ ድምፅ በሁለት ድራማ ትመጣለች። አሁን ምስኪኗን ምራት የምትናገረው ልጅ፣ አምና በሌላ ድራማ አማቷን የመረዘች ሴት ነበረች። አከራዬ ይህን አልረሱም። ምራቲቱ በለቀሰች ቁጥር «ተዋት፣ ይቺን አውቃታለሁ» ይላሉ።

የቀኑን ድጋሚ ያየሁት ሐይቁ ዳር አንድ ሻይ ቤት ነው። ወንበሩ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሯል፤ ጣና፣ ያ ሁሉ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ፣ ከጀርባችን ነው። ስክሪኑ ላይ የቤተሰቡ ቪላ ቦስፎረስ ዳር ቆሟል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ተነፈሰች። «ውሃ ዳር መኖር እኮ ሌላ ነው» አለች። ከኋላዋ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ልጅ «ቆሮሶ! የዛሬ ቆሮሶ!» እያለ ይጮኻል። ድምፅ ቀንስ ተባለ።

አሁን ስለ ማንጎው።

በእኛ ግቢና በአከራዬ ወንድም ግቢ መሐል የቆርቆሮ አጥር አለ። አባታቸው ሲያርፉ ቦታው ለሁለት ተከፈለ። ማንጎው ግን ግንዱ እዚያ፣ ቅርንጫፉ እዚህ ሆኖ ቀረ። እህትና ወንድም ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አለፋቸው። ፍሬው በስሎ ይወድቃል፣ ማንም አያነሳውም፣ እዚያው ይበሰብሳል። እኩል የተካፈለው ዝንቡ ብቻ ነው። ሽማግሌ አልተላከም እንዳትሉ። አንድ ጊዜ ተልኮ ነበር አሉ፤ ቡና ተጠጥቶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ጋሼም ሌሎቹም ሥራ በዝቶባቸዋል። የሽምግልናችን ነገር እንደ ቡናችን ነው፤ ጥሩ ጥሩው ተለቅሞ ወደ ውጭ ይላካል።

ባለፈው ዓርብ ኑዛዜው ሊነበብ ነው። ጠበቃው ፖስታውን ቀደደ። ካሜራው የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ዞረ፤ ውሻውን ጭምር። በዚህች ቅጽበት ከቆርቆሮው ማዶ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእነሱ የመብራት ፌዝ ሄዷል። የእኛ አለ። (ከጣና የሚሄደው ውሃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ጉዳይ በፌዝ አልጽፍም።)

ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ትንሽ ራስ ብቅ አለ። የወንድምየው ልጅ ነው።

«አባዬ ኑዛዜው ለማን ወጣ ይላል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አከራዬ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «ለትልቁ ወጥቷል፤ ግን ፈራሽ ነው በለው» አሉ።

ልጁ ሊሮጥ ሲል መልሰው ጠሩት።

«ማን ነገረህ ካለህ፣ ጋሼ ናቸው በል።»