ሽንኩርት ከታፊ የሌለበት መንግሥት

አገር ሁሉ የሚጎድለው አያጣም፤ ውሃ ያለው መብራት ይጠፋበታል፣ መብራት ያለው ዳቦ ይወደድበታል። አንዳች ያልጎደለው አንድ መንግሥት ተጽፎ ተገኝቷል፤ እሱም ያልነበረ ነው። ፈረንጆች ፕሬስተር ጆን የሚሏቸው የቄስ ዮሐንስ መንግሥት። ንጉሥም ቄስም ናቸውና፣ ባይኖሩም አንቱ ማለቱ ይሻላል።

ይህ መንግሥት የተመሠረተው በጦርነት ሳይሆን በደብዳቤ ነው። በ1165 ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩት) ከቄስ ዮሐንስ ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ኮምኔኖስ የተጻፈ የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ መዞር ጀመረ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በእጅ እየተገለበጠ ተሰራጨ፤ አሁንም ከ200 በላይ ቅጂ አለ። ገልባጩ ሁሉ ከራሱ ጣል እያደረገበት ስላለፈ ቁጥሩ ከቅጂ ቅጂ ይለያያል፤ ወሬ በጽሑፍም ቢሆን ወሬ ነው። ደብዳቤው ማኑኤልን ንጉሠ ነገሥት ብሎ አይጠራውም፤ የሮማውያን አስተዳዳሪ ይለዋል። ቀጥሎ ሰዎችህ አምላክ ያደርጉሃል አሉ፣ እኛ ግን ሟች መሆንህን እናውቃለን ብሎ ልክ ልኩን ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ ይራራለትና ይጋብዘዋል፤ ወደ እኛ ብትመጣ የቤታችን ዋና ሹም እናደርግሃለን። እንዲህ ያለ ግብዣ ለእኛ አዲስ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ “አንተ ብቻ ድረስ፣ ሥራውን ለእኔ ተወው” ይላል፤ እስቲ የግብዣ ደብዳቤ ላክ ሲባል ግን ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ይሆናል።

ስለ መልክዓ ምድሩ ደብዳቤው አይቆጥብም። ግዛቱ ሦስቱን ሕንዶች ያጠቃልላል፤ በአንድ ወገን እስከ ባቢሎን ግንብ ይዘልቃል፤ 72 ነገሥታት ይገብሩለታል። ከገነት የሚነሳ ወንዝ መረግድና ሰንፔር እያንከባለለ ያልፋል። ጠብታ ውሃ የሌለበት የአሸዋ ባሕር አለ፤ እንደ ባሕር ይናወጣል፣ ዓሣም ይወጣበታል። ወደዚህ ባሕር የሚገባ የድንጋይ ወንዝ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይፈሳል። የአዲስ አበባ ሰው ሌላውን ሁሉ ተረት ቢለው እዚህች ላይ ያምናል፤ ፈረቃ መሆኑ ነው። ልዩነቱ የሚፈሰው ድንጋይ ስለሆነ ሌሊት ተነስቶ በርሜል የሚደረድር አለመኖሩ ነው።

ቁንዶ በርበሬው የሚበቅለው እባብ በሞላበት ጫካ ነው። ሲደርስ ጫካው ላይ እሳት ይለቀቃል፤ እባቡ ሲሸሽ በርበሬው ይሰበሰባል። ይህችን በርበሬ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች። በጾም ሆኖ ሦስት ጊዜ የጠጣላትን ሰው ዕድሜውን ሁሉ የ32 ዓመት ጎልማሳ አድርጋ የምታቆይ ምንጭም አለች። እኛ ዘንድም 32 ላይ የቆመ ሰው ሞልቷል፤ ምንጩን ግን የሚናገር የለም። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት 125 ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ትልቅ መስታወት ተተክሏል፤ በየግዛቱ ማን ምን እንደሚዶልት ያሳያል። እኛ ሰፈር ይኸው ሥራ ደረጃ ሳይወጣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል፤ መስታወቱ የተሠራውን ብቻ ሲያሳይ ሰፈሩ ያልተሠራውንም ጨምሮ ነው።

ወደ አስተዳደሩ ስንመጣ ነው ጉዱ። ንጉሡ ይህን ሁሉ ይዘው ስለ ምን ቄስ ብቻ ይባላሉ ለሚል ሰው ደብዳቤው መልስ አዘጋጅቷል። የቤቱ አዛዥ የጳጳሳት አለቃና ንጉሥ ነው። የወይን አሳላፊው ሊቀ ጳጳስና ንጉሥ ነው። የእልፍኝ አስከልካዩ ጳጳስና ንጉሥ፣ የፈረሶቹ አዛዥ አበምኔትና ንጉሥ፣ የወጥ ቤቱ አለቃም እንዲሁ አበምኔትና ንጉሥ። ሎሌው ሁሉ ይህን ያህል ማዕረግ ከተሸከመ ጌታው የሚለዩት ዝቅ ብለው ነው፤ ስለዚህ በትሕትና ቄስ ተባሉ። ትሕትና በዚህ መልኩ ሲሠራበት ከኩራት ይልቅ ብዙ ቀለም ይጨርሳል። የሠርግ መጥሪያ ያሳተመ ሰው ይገባዋል፤ ከሙሽሮቹ ስም በላይ የአባቶቹ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አምባሳደር፣ ክቡርና የክብር ዶክተር ተደርድሮ የአዳራሹ አድራሻ ቦታ ያጣል።

በደብዳቤው እንደተጻፈው በማዕዳቸው በየቀኑ 30,000 ሰው ይበላል፤ መንገደኛው ሳይቆጠር። በቀኝ 12 ሊቃነ ጳጳሳት፣ በግራ 20 ጳጳሳት ይቀመጣሉ። በየወሩ ተራ ገብተው የሚያገለግሉት 7 ነገሥታት፣ 62 መሳፍንትና 256 ከነሱ ዝቅ ያሉ መኳንንት ናቸው። ድምሩ 325፤ ለአንድ አሳላፊ 92 እንግዳ ማለት ነው። በሠርግ ቀሚስና ከረባት አድርጎ ያሳለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ወገቡን ይይዛል። ገበታው ደግሞ ከመረግድ ተሠርቶ በአሜቴስጢኖስ ዓምዶች ላይ ቆሟል፤ የድንጋዩ ኃይል ማንም እዚያ ተቀምጦ እንዳይሰክር ያደርጋል። 30,000 ሰው ተጠርቶ አንድም ሰካራም የለም ማለት ነው። ታዲያ መርቁ ሲባል ማይክ የማይለቀው አጎት ከየት ይመጣል?

ድግሱን ለእኛ ሰው ስጡት እንበል። ለሰው ሁለት እንጀራ ቢደርስ 60,000 እንጀራ ነው። ከአንድ ኪሎ ጤፍ ሦስት ቢወጣ 20,000 ኪሎ፣ ማለትም በቀን 200 ኩንታል። ሊጡ ለሦስት ቀን የሚቦካ ከሆነ የሦስት ቀኑ ሁልጊዜ ተቦክቶ መቀመጥ አለበት፤ 600 ኩንታል። አንድ ምጣድ በሦስት ደቂቃ አንድ እንጀራ ቢያወጣ፣ በአሥር ሰዓት 200 ይጋገርበታል፤ እናም 300 ምጣድና 300 ጋጋሪ። ከነዚህ አንዷ አብሲት መጣል ብትረሳ የዚያ ምጣድ እንጀራ ዓይን አያወጣም፤ 200 እንጀራ ዕውር ሆኖ ሊቃነ ጳጳሳት ፊት ይቀርባል።

ወጡ ይብሳል። ዶሮ 12 ብልት ነውና ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ብልት እንኳ ቢደርሰው 2,500 ዶሮ ይታረዳል፤ ዕንቁላሉ 30,000። ፈረሰኛው ከአንድ ዶሮ አንድ ብቻ ስለሆነ 27,500 ሰው አኩርፎ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ዓመት ሙሉ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ቢታሰብ 50 ኩንታል ነው። እጇ የፈጠነ ሴት በሰዓት አምስት ኪሎ ልጣ ብትከትፍ፣ 100 ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ሰዓት ሙሉ ማልቀስ አለባቸው። ቁሌቱ በመጀመሪያ ያለ ቅቤ በለስላሳ እሳት ውሃውን እስኪመጥጥ ይማሰላል፤ ከዚያ ነው ቅቤውና በርበሬው። ማማሰያው ለአፍታ ከቆመ ከሥር ይይዛል። አንዴ ያረረን ቁሌት ውሃም ቅመምም አያድነውም፤ የሚደረገው ነገር ሥሩን ሳይፍቁ ላዩን ወደ ሌላ ድስት መገልበጥና ስለ ጉዳዩ ዝም ማለት ነው።

እንግዲህ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ፈልጉ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ የለም። የወጥ ቤቱ አለቃ ንጉሥ ናቸው፤ አበምኔትም ናቸው። መነኩሴ ሥጋ አይቀምስም፤ የዶሮው ጨው ማነሱን በምን ያውቃሉ? ማን ቀመሰላቸው? ስሙ አልተጻፈም። ምናባዊ አገር ሲፈጠር የሚቀድመው ዙፋኑ ነው፤ ድስት አጣቢዋን ማንም አይፈጥራትም። ለዚህ እንኳ አውሮፓን ብቻ መውቀስ አይገባም። የዕድራችን ማኅበርተኞች ስለ ሠርጉ ሲያወሩ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሣሕኑ ተቆጠረ፣ ወጡ ተሠራ ይላሉ፤ ሁሉም በራሱ የተተከለ፣ በራሱ የተሠራ ይመስል።

ስለ ሕጉ አጭር ነው። ሌባ የለም፣ አጎብዳጅ የለም፣ ስስት የለም፣ ድሃ የለም። ውሸታምም የለም፤ የዋሸ ቢገኝ እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ ስሙ አይነሳም። ይህ ሕግ እኛ ዘንድ ቢጸድቅ የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ማን ይመራዋል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕጉ የሚያነሳው አንድ ሰው አለ፤ ደብዳቤውን የጻፈው። ምናልባት ስሙ የጠፋው ለዚሁ ይሆናል።

ሠራዊቱም እንደ ድግሱ ነው። ለዘመቻ ሲወጡ 13 የወርቅ መስቀሎች ይቀድማሉ፤ ከያንዳንዱ ኋላ 10,000 ፈረሰኛና 100,000 እግረኛ ይከተላል። 130,000 ፈረሰኛና 1,300,000 እግረኛ። ደብዳቤው ከመጻፉ 20 ዓመት በፊት ግን፣ በ1145፣ ኦቶ ዘፍራይዚንግ የተባለ ጳጳስ ከሶርያ ከመጣ ሌላ ጳጳስ የሰማውን መዝግቦ ነበር፤ ቄስ ዮሐንስ የፋርስን ነገሥታት ድል አድርገው ኢየሩሳሌምን ሊረዱ ሲገሰግሱ ጤግሮስ ወንዝ አቆማቸው። የሚያሻግር ጀልባ ጠፋ። ወደ ሰሜን ወንዙ በረዶ ይሆናል ሲባሉ ሄደው ጥቂት ዓመታት ጠበቁ፤ አልረጋም፤ ተመለሱ። ያ ሁሉ ንጉሥ ተሰብስቦ አንድ አናጢ አልነበረም። ለወሬው መነሻ የሆነው በ1141 የሴልጁክ ቱርኮች ሡልጣን ሳንጃር በመካከለኛው እስያ የደረሰበት ሽንፈት ሳይሆን አይቀርም፤ አሸናፊው ዬሉ ዳሺ ግን ቄስ ቀርቶ ክርስቲያንም አልነበረም።

ይህ ሁሉ እያለ የሮማው ጳጳስ እስክንድር ሦስተኛ በ1177 ለቄስ ዮሐንስ መልስ ጽፈው በሐኪማቸው በፊልጶስ እጅ ላኩ። አድራሻ የለም፤ “ሕንድ” ብቻ። ፊልጶስ የት እንደደረሰ የተሰማ ነገር የለም። ማርኮ ፖሎ ደግሞ በኋላ፣ ቄስ ዮሐንስ ከጄንጊስ ካን ጋር ተዋግተው ሞተዋል ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ለሌላ ሰው ይህ መጨረሻ ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ከሞቱ በኋላ ቤት ቀየሩ፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ክርስቲያን ንጉሥ ከእስላም አገሮች ማዶ ይፈለግ ነበር፤ እኛ ደግሞ አንድ እውነተኛ ነበረን። ኪራዩን ሳንጠየቅ ተከራይ ገባብን።

በ1441 ከኢየሩሳሌም ወደ ፍሎሬንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሄዱ የእኛ መነኮሳት ስለ ቄስ ዮሐንስ ሲጠየቁ ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ይባላል፣ ይህን ስም ከየት አመጣችሁት ብለው ተቃወሙ። ጸሐፊዎቹ ተቃውሞውን መዘገቡ፤ ስሙን ግን አልቀየሩም።

ይባስ ብሎ ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ እውነተኛ ደብዳቤ አስይዘው ላኩ። በ1512 ሕንድ አገር ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ የፖርቱጋል መርከበኞች አስመሳይ ነው፣ ሰላይ ነው እያሉ አጉላሉት። የሌለ ንጉሥ የጻፈው ደብዳቤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲታመን፣ ያለች ንግሥት የጻፈችው ማኅተሙ ይጣራ ተባለ።

ከፖርቱጋል የመጡት ደግሞ ሌላ የአገር ልማድ አገኙ። በ1487 ቄስ ዮሐንስን ፈልግ ተብሎ የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በዐፄ እስክንድር ዘመን ደረሰ፤ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ወለደ፤ ልሂድ ሲል አይሆንም ተባለ። በሮድሪጎ ዴ ሊማ የተመሩ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ ከ25 ዓመት በላይ ተቀምጦ አገኙት። እነሱም ራሳቸው ተነስተው የሄዱት በ1526 ነው። ኢትዮጵያዊ ቤት እንግዳ ሆኖ ኮቱን አንስቶ “እንግዲህ…” ያለ ሰው ይረዳቸዋል፤ “ምን ቸኮልክ፣ አሁን አይደል እንዴ የመጣኸው” የሚባለው ያኔ ነው።

ከነዚሁ መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ቤተ መንግሥቱ የመረግድ ገበታ አልነበረውም፤ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበር። ገንዘቡ ዕንቁ ሳይሆን አሞሌ ጨው ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ዕድሜያቸው 23 ገደማ ስለነበር ምንጯ ገና አላስፈለገቻቸውም። ከቤተ መንግሥቱ በኩል የመጣው ጥያቄ ንጉሣችሁ የላኩት ዋናው ስጦታ የት ደረሰ የሚል ነበር፤ መንገድ ላይ ተበትኗል። መልእክተኞቹ ያለውን አሰባሰቡ፤ ከያዙት ስንቅም ጨመሩበት። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ናት፤ እባብ በሚጠብቀው ጫካቸው ቁንዶ በርበሬ ይታፈሳል ለተባሉት ንጉሥ የቀረበው ስጦታ ቁንዶ በርበሬ ነበር።

አልቫሬስ ያየው በ1540 ታትሞ ወጣ፤ በሽፋኑ ላይ አሁንም የቄስ ዮሐንስ አገር ይላል። በ1573 አብርሃም ኦርቴሊየስ ያሳተመው ካርታም እንዲሁ፤ መነኮሳቱ ፍሎሬንስ ላይ ከተቃወሙ 132 ዓመት አልፎ። መዝገብ ቤት የገባ የተሳሳተ ስም ለማስተካከል ቀበሌ የሄደ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል፦ ማመልከቻ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ሦስት ምስክር። ምስክሮቹም የተቃናውን ስም ከመመስከራቸው በፊት ባለጉዳዩ በፋይሉ ላይ ያሉት ቄስ ዮሐንስ ራሳቸው መሆናቸውን ፈርመው ማረጋገጥ አለባቸው።