ሽቅብ የሚፈስ ቅቤ

አክስቴ አሜሪካ በገባች በሳምንቷ ዕቃ ልንገዛ ይዣት ወጣሁ። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ የአክስቴን ነጠላ አየችና «አይ ላቭ ዩር ስካርፍ» አለቻት። «ምን አለች?» ስትለኝ፣ «ነጠላሽን ወደደችው» አልኳት። አክስቴ አላቅማማችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና «እንኪ በላት፤ ዓይኗ አርፎበት እንዴት እለብሰዋለሁ?» አለችኝ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፤ እኔም በሁለት ቋንቋ ይቅርታ ስጠይቅ ቆየሁ።

ልጅቷ አልዋሸችም፤ ነጠላውን የመውሰድ ሐሳብም አልነበራትም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ቃል ከ«እንዴት ዋልሽ» እምብዛም አይለይም። ጫማህን፣ ፀጉርሽን፣ የውሻችሁን ስም ሳይቀር አድንቀው ያልፋሉ። እኛ ግን የምናውቀው ወይ የልብ ምስጋና ነው፣ ወይ ሽንገላ። መሃል ላይ ላለው ስም ስላላወጣንለት ወደ አንዱ እንገፋዋለን።

የእንግሊዝኛው «ፍላተሪ» ሽንገላ ወይም ውዳሴ ከንቱ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ስህተት የለውም፤ ግን ቃሉ ብዙ ቤት ያድራል። ቀሚሱ «ፍላተሪንግ» ነው ከተባለ አምሮብሻል ማለት ነው፤ ልብ ብሎ ላየው ሸንጋዩ ቀሚሱ ነው። «አይ አም ፍላተርድ» ደግሞ ጉድ ያፈላል። ጓደኛዬ የሥራ ባልደረባውን እራት ልጋብዝሽ ሲላት «አይ አም ፍላተርድ፣ በት...» ብላ መለሰችለት። እየፈነደቀ ደወለልኝ። «ክብር ተሰማኝ አለችኝ እኮ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹በት›፣ ‹ግን› ብላ የሆነ ነገር ቀጠለች፤ አልሰማኋትም።»

መስማት የነበረበት እሱን ነበር።

ለእውነተኛው ሸንጋይ ግን እንግሊዝኛም ስድብ አላጣለትም። እኛ ቅቤ አንጓች የምንለውን እነሱም በቅቤ ነው የሚጠሩት፤ ማሞካሸትን «በተር አፕ»፣ ቅቤ መቀባት ይሉታል። ለአለቃ አጎብዳጅ ያላቸው ስም «ብራውን ኖዝ»፣ ቡናማ አፍንጫ ነው። አፍንጫው ምን ነክቶ እንደጠየመ አንባቢ ይገምት፤ እኔ በጾም አልጽፈውም።

ሽቅብ ማሞገሱንም ቢሆን ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዲዝሬሊ፣ ሙገሳ የማይወድ ሰው የለም፣ ለነገሥታት ሲሆን ግን በግንበኛ ማንኪያ መለሰን ነው ብሏል ይባላል። ያለውንም አደረገ፤ በ1876 ንግሥት ቪክቶሪያን የሕንድ ንግሥተ ነገሥት አሰኛት።

ልዩነታችን ወደ ታች ሲወረድ ነው። እዚህ አለቃ ለበታቹ፣ አስተማሪ ለተማሪው፣ እናት ለልጇ ቀኑን ሙሉ «ጉድ ጆብ»፣ ጎበዝ ሲሉ ይውላሉ። ሲበዛ እንደሚረክስ አልክድም፤ ጫማውን ስላሰረ የሚጨበጨብለት ልጅ አይቻለሁ። ለራሳቸውም ታክቷቸዋል፤ በ2025 ኤፕሪል ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ከሰው ጋር የሚጻጻፈውን ፕሮግራሙን ቻትጂፒቲን ካሻሻለው በኋላ ተጠቃሚውን አለልክ ማሞካሸት አበዛ ተብሎ፣ ማሻሻያውን በቀናት ውስጥ መልሶ አነሳው።

የእኛ ቅቤ ግን ሽቅብ ብቻ ነው የሚፈሰው። ስብሰባ ላይ «ክቡርነትዎ» ሲሉ አፋቸው የማይደክም ሰውዬ፣ ቢሮ ሲመለሱ ለጸሐፊያቸው አንድ ቃል አይተርፋቸውም። ልጁ እንዳይጠግብ፣ ሠራተኛዋ ደመወዝ ጨምሩልኝ እንዳትል፣ ሕፃኑን ዓይን እንዳይበላው። አምልጦን ሕፃን ያደነቅን እንደሆነ እንኳ «ከዓይን ያውጣው» ብለን እንትፍ እንትፍ እንልበታለን። ከዚህስ የዚያች ልጅ ቀለል ያለ ቃል ይሻላል ባይ ነኝ። ባዶ ነው ቢባል እንኳ አክስቴ ሹም አይደለችም፤ ልጅቷ ከእሷ የምታገኘው ነገር አልነበረም፤ ከነጠላው በቀር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። የእናታችንን ቤት ጣሪያ ብቻውን ተሯሩጦ አሳድሶታል። «በጣም ጎበዝ ነህ፤ ኮርቼብሃለሁ» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «ምን ፈልገህ ነው?»