ነጭ ዓሣ አንድ ብቻ አይደለም

አዲስ የወንዝ ዓሣ ዝርያ እንዴት እንደሚለይ የጻፋችሁት ደስ ይላል። የጣና ሐይቁ ዓሣ አለመነሳቱ ግን ቆጨኝ። እኛ ባሕር ዳር «ነጭ ዓሣ» የምንለው እኮ ብዙ ዓይነት ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የተወሰኑትን ለይቶ ገልጾ ነበር። ኋላ ተጠቅልለው አንድ ዝርያ ተባሉ። የሆላንዶቹ ተመራማሪዎች ናገልኬርኬና ሲቢንግ ግን ጭንቅላቱን፣ አፉን፣ አጥንቱን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2000 ዓሦቹ 15 ዝርያዎች ናቸው ብለው አወጡ።

እስቲ ገበያ ስትሄዱ አፋቸውን ክፈቱና እዩ። አንዱ ሌላ ዓሣ የሚውጥበት ሰፊ አፍ አለው። የሌላው ከንፈር ወፍራምና ሥጋማ ነው። ታንኳ ላይ ያደገ አጥማጅ ገና ሲያየው ይለየዋል።

ብዙዎቹ ክረምት ላይ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ያኔ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ግፍ ነው! ባለፈው ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ ስትከፈት አይቼ አንጀቴን በላችው።