ብቻዬን ሁለት ሰው ሆንኩ

ግብፅ ውስጥ ከሉክሶር እስከ አስዋን በዓባይ ላይ በመርከብ ልንሸራሸር ብዬ ብር ሳጠራቅም ከረምኩ። ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ በስልኬ ቦታ ልይዝ ስል "ስንት ሰው?" አለኝ። አንድ! ዋጋው ወዲያው ተተኮሰ። ለካ ሂሳቡ የሚሰላው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ነው። ብቻህን ከሆንክ የሌላውንም ትከፍላለህ፤ አንዳንዱማ ሙሉ እጥፉን ነው የሚለው። እሺ፣ አልጋውስ ይሁን። የማልበላውን ቁርስ፣ ምሳና እራት ምን በወጣኝ? ውሃው እንኳ ከእኛው አገር የወረደ ነው እኮ!

ተናድጄ ጎርጎራ ወረድኩ፤ ጣና ላይ ጀልባ ልከራይ። እዚያም ያው። የሚከራየው ጀልባው በሙሉ ነው። "ሰው ሰብስበህ ና" አለኝ ባለጀልባው።

ለእናቴ ብነግራት "አግባ ስልህ አልሰማ ብለህ!" ብላ ጀመረችኝ።