ከበሮን አንድ ቁጥር አድርገውት አረፉ!

ወገን፣ ዛሬ ልተንፍስ። ትናንት ማታ ሥራዬ መሃል መብራት ሄደ። እሱን ተዉት፣ ሐዋሳ ውስጥ በመብራት የተቃጠልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አንጀቴን የሚያቃጥለው ሌላ ነው።

ከበሮ ላይ ፒዬዞ የሚባል፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሴንሰር ለጥፌ፣ ምቱን አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር መሰል ሰሌዳ እየለካችው፣ ድምፁን ላፕቶፕ እንዲፈጥረው እየሠራሁ ነው። ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሚዲ የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ በፈረንጆቹ 1983 ሲወጣ የአንድን ምት ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ወሰነው። እኔ የማገኛቸው ፓዶች (በእጅ የሚመቱ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሰሌዳዎች) ሁሉ ዛሬም እዚያው ናቸው። ምን ያህል አጠንክረህ መታህ ይሉሃል። የት መታህ? በመዳፍ ነው በጣት? እጅህ ቆዳው ላይ ቀረ ወይስ ተነሳ? ጉዳያቸው አይደለም!

ቆዳ እኮ እንደ ክራር ክር አይደለም። የክር ድምፆች የንዝረት ፍጥነታቸው ከዋናው ድምፅ 2 እጥፍ፣ 3 እጥፍ እያለ ይወጣል። የተወጠረ ክብ ቆዳ ግን በስሌቱ ከዋናው ቀጥሎ 1.59 እጥፍ፣ ከዚያ 2.14 እጥፍ ነው የሚሄደው። ልክ መሃሉን ከመታኸው ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ጭራሽ አይነሱም፤ ወደ ጠርዙ ስትጠጋ ይመጣሉ። ታዲያ ኮምፒውተሩ እጄ የት እንዳረፈ ካላወቀ የቱን ድምፅ ይፍጠር?

በቀደም ሰርግ ላይ ኪቦርዱ ያንኑ አንድ "ከበሮ" ሲደጋግም አንዲት እናት ጀሪካን አንስተው መምታት ጀመሩ። በመዳፍ፣ በጣት፣ ጎኑን፣ ታቹን። ሰዉ ኪቦርዱን ትቶ እሳቸውን ከበበ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ የምፈልገው እሱን ነው።

ሪትም መሥሪያ አፖቹም ያው ናቸው። በፈረንጆቹ 1980 የወጣው ቲአር-808 የሚባለው የሪትም ማሽን 16 ቁልፍ ደርድሮ ነበር፣ ዛሬም አፖቹን ስትከፍታቸው 16 ሳጥን፣ እያንዳንዱ ለአንድ የምት ቦታ፣ አራት አራት ተከፍሎ። ቺክቺካችን በስድስት ይሄዳል! አዲስ ሥራ በከፈትኩ ቁጥር ወደ 12 መቁረጥ ሰለቸኝ።

ሴንሰሩ ራሱ ፈተና ነው። ከምቱ በኋላ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ምት ሦስት አድርጎ ይቆጥራል። ለ50 ሚሊሰከንድ እንዳይሰማ ሳደርገው ደግሞ ሁለት እጅ ተከታትሎ ሲያርፍ ሁለተኛዋ ትዋጣለች። ሰፊውን አፍ ስመታ ጠባቡም አብሮ ይጮኻል፤ እንጨቱ ንዝረቱን ያደርስለታል።

አሁን ሰፊው አፍ ጠርዝ ላይ ሦስት ፒዬዞ አድርጌ፣ ንዝረቱ ለየትኛው ቀድሞ እንደደረሰ እያየሁ ቦታውን ለማወቅ እየታገልኩ ነው። መብራቱ የሄደው ሦስተኛውን እየበየድኩ ሳለ ነው።

ሐዋሳ ያላችሁ ከበሮ መቺዎች፣ እጃችሁን እፈልገዋለሁ። በውስጥ መስመር አውሩኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። መብራት ባይኖርም በስልክ እንቀዳለን።